ሁለት ደጋን

ማልሱን ሞላዎቹን የወሰደችው ሁለት ደጋን ከተጻፈበት ሳጥን ነው። ብትጠይቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ ነበር። ግን አልጠየቀችም፤ ማንበብ ጀምራለቻ።

ቀድሞ ሞላዎቹ የሚለዩት በቀለም ነበር። ጠንካራው ቀይ ወረቀት፣ ደካማው ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፎበት ይመጣል፤ ማልሱንም ዓይኗን ጨፍና ታውቃቸዋለች። ያን ሰሞን ግን ሞላ አቅራቢው ባለቀለም ወረቀት ተወደደብኝ አለና ሁሉንም በነጭ ሳጥን ማምጣት ጀመረ። በየሳጥኑ ላይ ብቻውን ሙሉ ቃል የሚሆን አንድ አንድ ፊደል በጥቁር ተጽፏል። የወርክሾፑ ባለቤት ኩሪሞቶ፣ «እትዬ ያናጋዋ፣ ከተምታታብሽ ጥሪኝ» ብሏት ነበር። እሷም «እሺ አለቃ» አለች።

ልትጠራው አልፈለገችም። የማታ ትምህርት ቤት ከገባች ገና ዓመት አልሞላትም፤ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር በልጆች ወንበር ላይ ጉልበቷን አጥፋ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። ባለፈው ሳምንት አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ስላ፣ «ይህ ደጋን ነው፤ እዩት፣ የታጠፈ ደጋን አይመስልም?» ስትል ማልሱን ልቧ ዘለለ። ስሙን የሚመስል ፊደል ስታይ የመጀመሪያዋ ነበር። አሁን ሳጥኖቹን አገላብጣ ብታይ፣ በአንዱ ሳጥን ፊደል ጎን ላይ ያ ደጋን አለ። በሌላው ላይ ደግሞ ሁለት ደጋን ጎን ለጎን ቆመዋል። አንድ በሬና ሁለት በሬ እኩል አይጎትቱም። ጠንካራው ባለ ሁለቱ ነው አለችና ሳጥኑን ከፍታ ሥራዋን ጀመረች። በራሷ አንብባ የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሏት ዋለች።

በኢካይኖ፣ ከባሕር ማዶ የመጡ ስደተኞች በሚኖሩበት ሰፈር፣ ከቦዩ ዳር ባለችው በዚያች ወርክሾፕ የሚሠራው የተኩስ መጫወቻ ነው፤ በትልልቅ መደብሮች ሰገነት ላይ የሚቆመው፣ ልጆች ሳንቲም ጨምረው የሚተኩሱበት ሣጥን። የዘንድሮውን የነደፈው ልጇ ቴግዩ ነው። አንድ ለእናቱ ነው። ወርክሾፑ ውስጥ ያናጋዋ ይባላል፤ እሷም እትዬ ያናጋዋ ናት። እውነተኛ ስማቸውን ጠዋት ጠዋት እንደ ቤት ጫማ በር ላይ አውልቀው ይወጣሉ፤ ማታ ሲመለሱ ያጠልቁታል።

እስከ ዘንድሮ ዒላማዎቹ ዳክዬና ድብ ነበሩ። አሁን ሥራውን የሚገዛው ድርጅት ሰው ይሁንልን አለ። የተራራ ሽፍቶች፣ ወደ ላይ የሚሮጡ።

ቴግዩ እንዲህ አድርጎ ሠራው። ከመስታወቱ ጀርባ የተሳለ ተራራ አለ። በተራራው ዙሪያ የማያቋርጥ ሰንሰለት ይዞራል፤ ሰንሰለቱ ላይ ከላሜራ የተቆረጡ ሰዎች ቆመዋል። ከሥራቸው ያለች ባለ ጥርስ ጎማ ጉልበታቸውን እያጠፈች፣ ሞላው እየዘረጋው፣ ይሮጣሉ። ፊት ለፊት የተተከለው ጠመንጃ ጥይት የለውም። ከአፈሙዙ ሥር የሚወርድ ዘንግ በሣጥኑ ሆድ ውስጥ አንዲት የመዳብ ጣት ያንቀሳቅሳል፤ ጣቷ ያረፈችበትና የሚሮጠው ሰው የደረሰበት ቦታ አንድ ሲሆን ቃታው ከተሳበ፣ ኤሌክትሪኩ ያልፋል፣ ማግኔቱ መያዣውን ይነቅላል፣ ሰውየው ይወድቃል። የወደቀው ከተራራው ጀርባ ሲዞር ከፍ እያለ የሚሄድ ሐዲድ ያገኘዋል፤ ሐዲዱ እየገፋ ያቆመዋል። ሠራተኞቹ ሐዲዱን ማስነሻ ይሉታል። ከዚያ ሰውየው በዚህኛው ጎን ብቅ ብሎ እንደገና ይሮጣል።

ልብሳቸው ነጭ ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚበራው ሐምራዊ መብራት ከሌላው ቀለም ሁሉ ነጩን ስለሚያደምቅ እንጂ ማንም ክፉ አስቦ አይደለም።

በጉልበቱ ላይ ጠንካራ ሞላ ከገባ፣ የተመታው ሰው ቀጥ እንዳለ እንደ ጣውላ ወደ ኋላ ይጋደማል። መሆን የነበረበት እንዲያ ነው።

የሙከራው ቀን ኩሪሞቶ ራሱ ጠመንጃውን ያዘ። ሆዱን በሣጥኑ ላይ አስደግፎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ተኮሰና ሳተ።

«አለቃ፣ የተከፈተው ዓይንህ ነው የማያየው» አለው ቴግዩ።

«ዝም በል። ንፋስ ነው።»

«ሣጥን ውስጥ?»

ኩሪሞቶ ደገመ። መታው። የላሜራው ሰው ግን እንደ ጣውላ አልተጋደመም። መጀመሪያ ጉልበቱ ታጠፈ። ተንበርክኮ፣ ራሱን ቀና አድርጎ፣ የሚነግሩትን ነገር የሚጠብቅ ይመስል ጥቂት ቆየ። ከዚያ በፊቱ ተደፋ።

ሞተሩ ብቻ ይሰማል።

«ይኼ እኮ ሰው ነው» አለ ኩሪሞቶ። «ያናጋዋ፣ ምን አድርገህበት ነው?»

«ምንም አላደረግሁም።»

«እኔ ነኛ ያደረግሁት!» አለና እንደገና ተኮሰ። ሌላው ሽፍታ ጉልበቱ ከዳው፣ ቆየ፣ ተደፋ። ኩሪሞቶ ጠመንጃውን ለቆ አጨበጨበ፤ ቀለም ቀቢዎቹም ተቀበሉት።

የማልሱን ፒንሳ ከእጇ ወደቀ። ሳታነሣው ወደ ጓሮ ወጣች፤ ከውኃው ቧንቧ ሥር ቁጢጥ ብላ እጇን ደጋግማ ታጠበች።

ስትመለስ ቴግዩ አንዱን ሰው ፈቶ ሞላውን በጣቱ እየጠቀጠቀ ነው። «እማ፣ ይኼን ከየትኛው ሳጥን ነው ያወጣሽው?»

«ከጠንካራው።»

«የቱ ነው ጠንካራው?»

«ባለ ሁለት ደጋኑ» አለች።

ቴግዩ ሳቁ አመለጠው። «እማዬ፣ ባለ ሁለት ደጋኑ እኮ ‹ደካማ› ማለት ነው። ጠንካራው ባለ አንዱ ነው።»

«ሁለት ደጋን እንዴት ከአንድ ይደክማል?»

ኩሪሞቶ ሳጥኑን አንሥቶ ልክ እንደ አዲስ ነገር አየው። «ይህን ፊደል ከሕፃንነቴ ጀምሬ ስጽፈው ኖሬ አንድ ቀን አላሰብኩትም» አለ። «ምናልባት ሁለቱ ደጋኖች እርስ በርሳቸው ሲጣሉ ነው የሚደክሙት፤ እንደ እኔና እንደ ሚስቴ።» ሁሉም ሳቁ። «በይ እትዬ፣ ስህተትሽን እንዳትነኪው። ቅዳሜ ሺኖዛኪ ሲመጣ እንዲሁ እንዲያየው።»

ሺኖዛኪ የገዢው ድርጅት ሰው ነው።

ማታ ቴግዩ ሩዙን እየዋጠ፣ የሚያወራው ከአፉ እየቀደመው፣ እስከዚያ ያልነገራትን ነገራት። ሺኖዛኪ ሥራውን ከወደደው ቴግዩንም ሊወስደው ነው። ወደ ዲዛይን ክፍል፣ በቋሚነት።

«ወረቀት አይጠይቁም?» አለች ማልሱን። ወረቀት ያለችው የውጭ ዜጋ መሆናቸውን የሚናገረውን፣ ጣታቸው የታተመበትን ነው።

«ይጠይቃሉ። ኩሪሞቶ አስቀድሞ ነግሮታል። ሺኖዛኪ ‹ሥራው ጥሩ ከሆነ ደሙን አልመረምርም› አለ።»

«ይህን ያለው ሰክሮ ነው ወይስ በደኅናው?»

«እየጠጣ ነበር።»

«አየህ።»

«እማ፣ በደኅናው ቢሆንማ እምቢ ይለኝ ነበር።» ሳቀና ሣህኑን አስቀመጠ። ባለፈው ዓመት የትምህርት ማስረጃውን ይዞ በየድርጅቱ ሲዞር ከየበሩ እንዴት እንደተመለሰ ሁለቱም ያውቃሉ፤ ስለዚያ አይነጋገሩም። «ይልቅ ሲወድቅ ስታዪው ምን መሰለሽ?»

«ላሜራ መሰለኝ።»

«ፒንሳሽን ጥለሽ የወጣሽው ለላሜራ ነው?»

«ሆዴን ቆርጦኝ ነው። ብላ፣ ዓሣው ይቀዘቅዛል።»

ሲተኛ ትንፋሹን እያዳመጠች ተቀመጠች። አባቱ እንዴት እንደሞተ አልነገረችውም። በሳንባ ነው ብላዋለች። እውነቱ ሌላ ነው። በተወለዱባት በጄጁ ደሴት፣ በመንደራቸው፣ ወታደሮቹ ወንዶቹን ከገብሱ ማሳ ግርጌ ሰብስበው ወደ ተራራው ሩጡ አሏቸው። ሽፍታ ካልሆናችሁ አንነካችሁም፣ ሩጡ። ነጭ ለብሰው ነበር፤ ሌላ ልብስ ማን ነበረው? ማልሱን ቴግዩን አዝላ ከሴቶቹ ጋር ቆማ ታያለች። ከኋላ ሲተኩሱባቸው ባሏ ጉልበቱ ታጠፈ። ተንበርክኮ ጥቂት ቆየ። የሚነሣ መስሏት ነበር። ሲያበቃ ወታደሮቹ ሴቶቹን አጨብጭቡ አሏቸው። ማልሱንም አጨበጨበች። ያላጨበጨበችው አማቷ ከማሳው አልተመለሰችም።

በማግስቱ ጎመን ስታጥብ ለጊልጃ እናት ነገረቻት። የጊልጃ እናት የአንድ መንደር ልጅ፣ የአንድ ጀልባ ስደተኛ ናት፤ አሁን ግድግዳቸው አንድ ነው።

«ፊደል ተማሪ ብሎ የመከረሽ ማነው?» አለች የጊልጃ እናት ጨው እየበተነች። «እኔ አላነበብኩ፣ የገጠመኝ የለ። አንቺ ደጋን አነበብሽና ደጋኑ ወደ አንቺ ዞረ።»

«አትቀልጂብኝ።»

«አልቀለድኩም።» እጇን ከጎመኑ ውስጥ ሳታወጣ ቆየች። «ጉልበቱ ነው የቀደመው?»

«ጉልበቱ።»

«የእኔም እንዲያ ነው የወደቀው።» ጎመኑን ጨምቃ ወደ ማሰሮው ወረወረች። «ስሚ፣ የቴግዩ እናት። ዝም በይ። ልጅ ሲሳዩን ይዞ ሊገባ ሲል ሬሳ ደጃፍ ላይ አይጋደምም።»

ማልሱን ዝም ልትል ነበር ያሰበችው። ግን ዝም ያለው አፏ ብቻ ነው። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ሰንሰለቱ ይዞራል፣ ሐዲዱ ያነሣዋል፣ ኩሪሞቶ ይተኩሳል። አንድ ጊዜ መሞቱ መች አነሰው? ይህ ሣጥን ሰገነት ላይ ከወጣ የሰው ልጅ ሁሉ ከረሜላ እየመጠጠ ሲገድለው ሊውል ነው።

ቅዳሜ ማልዳ፣ ሰው ሳይመጣ፣ ወርክሾፑን ከፈተች። የምትጠርገው እሷ ስለሆነች ቁልፉ እጇ ላይ ነው። የሣጥኑን ጀርባ ፈታ ባለ አንድ ደጋኑን ሳጥን አጠገቧ አስቀመጠችና ከሰዎቹ ጉልበት ደካማውን ሞላ እየነቀለች ጠንካራውን መግጠም ጀመረች። እንደ ጣውላ ይውደቁ። እንደ ዳክዬ ይውደቁ። ሺኖዛኪ ከወደደው ወደደው፤ ልጇም በዚያው ይገባል። ካልወደደውስ? እዚያ ላይ ሐሳቧን ታቆመዋለች። እጇ ግን አላቆመም።

«እማ?»

ቴግዩ በሩ ላይ ቆሟል። ለዕለቱ ብሎ የገዛውን ክራቫት አስሯል፤ ቋጠሮው ጠሟል።

«ምን እያደረግሽ ነው? አለቃ አትንኩት አላለም? ዛሬ እኮ ነው የሚመጣው።» መጣና ሳጥኑን አየ። «ባለ አንዱን ነው የወሰድሽው። አሁን ፊደሉን ታውቂዋለሽ። ሆን ብለሽ ነው።»

«እንዲያ አይውደቅ።»

«ማን?»

«እንዲያ አይውደቅ፣ ልጄ። እንዲያ ነው አባትህ የወደቀው።»

ቴግዩ መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ የእንጨት ሳጥን ስቦ ተቀመጠ። እሷም ፊቷን ወደ ሣጥኑ አድርጋ፣ አንዱን የላሜራ ሰው በእጇ እንደያዘች፣ ነገረችው። ማሳውን፣ ሩጡ መባሉን፣ ነጩን ልብስ፣ ጭብጨባውን። እሱ ጀርባዋ ላይ ተኝቶ እንደነበር። ሲያበቃ ነቅቶ ወተት ፈልጎ እንዳለቀሰ።

«በሳንባ ነው አልሽኝ» አለ።

«ጥይቱም የገባው እዚያ ነው።»

ክራቫቱን በጣቱ ሲያላላ አየችው።

«ለዚህ ነው ሰፈሩ ሁሉ በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ማዕዱን በአንድ ምሽት የሚያቀርበው?»

«ለዚህ ነው።»

«የጊልጃ ቤትም? እነ ኢንሆም?»

«የእኛ መንደር ሰው ሁሉ።»

«እኔ እኮ የደሴቲቱ ባህል መስሎኝ ነው። ትምህርት ቤት ሲጠይቁኝ፣ በእኛ አገር ሰው ሁሉ የሚሞተው በአንድ ቀን ነው እላቸው ነበር። ይስቁብኝ ነበር።» እሱ ግን አልሳቀም። «ስሜን በር ላይ ትቼ እገባለሁ፣ ይሁን። አባቴን ደግሞ በሳንቲም ላስተኩሰው?»

«አባትህ ከዚህ በላይ አይመታም።»

«ታዲያ ለምን ትነቅይዋለሽ?»

በእጇ የያዘችውን የላሜራ ሰው አገላበጠችው።

«ሥራውን ልተወው?» አለ። «አንቺ በይ። ጠንካራውን እንግጠም ካልሽ እንገጥማለን። ሰውየው ባይወደው ሌላ ቦታ እፈልጋለሁ። አንቺ ያልሽው ይሆናል።»

ከልቡ ነው የጠየቃት። ማልሱን በዚያች ቅጽበት ልጇን ጠላችው፤ ይህን ሁሉ አንሥቶ ጭኗ ላይ ስላስቀመጠባት። ሌላ ቦታ የሚለው የትኛው ነው? በየትኛው በር ነው የሚገባው? ኩሪሞቶ አርጅቷል፤ ወርክሾፑን ሊዘጋ እንደሚያስብ የማያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ የጫማ ሶል ማጣበቅ ነው፣ ማስቲሽ እየሸተቱ ማርጀት። የጎረቤት ወጣቶች ሁሉ እንዲያ ናቸው። የቴግዩን ጣቶች አየች። ረጃጅም ናቸው፤ የአባቱ ናቸው።

ዞራ የገጠመችውን ጠንካራ ሞላ ነቀለች። ባለ ሁለት ደጋኑን ሳጥን ሳበች።

«እንደነበረ ይሁን» አለች።

«እማ...»

«ይሁን አልኩ። ክራቫትህን አስተካክል።»

ፒንሳ አንሥቶ አጠገቧ ተንበረከከ፤ ሰዓቱ ሄዷልና ሊያግዛት። እጁን በክርኗ ገፋችው።

«አንተ አትንካው። ይህን አንተ አታድርገው።»

ለብቻዋ የሁሉንም ጉልበት መለሰችው። የመጨረሻውን ስትገጥም ከደጅ የኩሪሞቶ ሳል ተሰማ።

ሺኖዛኪ ቀጭን፣ ትሑት ሰው ነው፤ ጠመንጃውን ከመያዙ በፊት እጁን በመሐረብ ጠረገ። ከኩሪሞቶ ይልቅ ዒላማ ያውቃል። የመጀመሪያው ሽፍታ ጉልበቱ ሲታጠፍ ትንፋሹን ሳበ። ሲደፋ «አቤት» አለ በቀስታ። እንደገና ተኮሰ። እንደገና። ማስነሻው ከጀርባ ጠቅ፣ ጠቅ እያለ ያቆማቸዋል።

«የሚቆይባት ነገር» አለ ሺኖዛኪ። «ከመውደቁ በፊት የሚቆይባት። ማን ነው ያሰባት?»

ቴግዩ ወለሉን እያየ ነው።

«እትዬ ናት!» አለ ኩሪሞቶ። «በስህተት ነው። ፊደል ተምታቶባት።» የሁለቱን ደጋኖች ነገር አወራለት፤ ሚስቱንም አልረሳ። ሺኖዛኪ ሳቀና ወደ ማልሱን ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ከዚያ አጨበጨበላት። ኩሪሞቶ አጨበጨበ፣ ቀቢዎቹ አጨበጨቡ። ሁሉም ወደ እሷ እያዩ ነው።

ማልሱንም አጨበጨበች።

ቴግዩ ተወሰደ። በሚቀጥለው ወር ከከተማው ማዶ ወዳለው የድርጅቱ ሕንፃ በባቡር መመላለስ ጀመረ፤ ደረቱ ላይ ያናጋዋ የሚል ምልክት አለ። ወደ ወርክሾፑ ብዙ ትእዛዝ መጣ። ደካማ ሞላ ቶሎ ስለሚዝል መለወጫውም አብሮ ይታዘዛል፤ ባለ ሁለት ደጋን ሳጥኖች እስከ ጣሪያው ተደረደሩ። ማልሱን ከጠዋት እስከ ማታ የምትገጥመው ጉልበት ነው። ወደ ማታ ትምህርት ቤቱ መሄድ ተወች። አስተማሪዋ ቤቷ ድረስ መጥታ ምነው ስትላት፣ ዓይኔ ደከመ አለቻት።

የበረዶው ወቅት ገባና ያ የሙታን ማዕድ ምሽት ደረሰ። ቀኑ ሲመሻሽ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ ላይ ያሉት በሮች ሁሉ፣ ብርዱ እያለ፣ ስንጥቅ ያህል ተከፈቱ፤ የሚመጡት ሙታን እንዲገቡ። ከየቤቱ የሚጠበስ ዓሣ ይሸታል። ማልሱን ሩዙን፣ ሾርባውን፣ መንደሪኑን በዝቅተኛው ማዕድ ላይ ደረደረች። የባሏ ፎቶግራፍ የለም። በወረቀት ላይ የተጻፈ ስሙ ነው ያለው፤ በየዓመቱ የሚጽፍላቸው ሽማግሌ አለ። ዘንድሮ ልትጽፈው አስባ ነበር፤ ለዚያ ነበር ትምህርት ቤት የገባችው።

ቴግዩ ይመጣ ይሆን ብላ ስትፈራ ዋለች። የድርጅቱ ሰዎች ለዓመቱ ማብቂያ ግብዣ በዚያው ምሽት ጠርተውታል፤ አዲስ ሰው ደግሞ ከግብዣ አይቀርም። በሩ ሲንሸራተት አየችው። የአንገት ልብሱ ላይ በረዶ አለ። ጫማውን አወለቀ፣ ምልክቱንም ከደረቱ ፈቶ ጫማው ውስጥ አስቀመጠው።

«ምን ብለህ መጣህ?»

«አባቴ ሞቷል አልኳቸው።»

«ምን አሉህ?»

«አዘኑ። መቼ ነው አሉኝ። ዛሬ ነው አልኩ።»

በግድግዳው ማዶ የጊልጃ እናት ስትስል ይሰማል። ከሷ ማዶ ደግሞ የሌላ ቤት ወንድ ልጅ ድምፅ። ቴግዩ ከማዕዱ ፊት ቆመ። በየዓመቱ የሚሰግደው ስግደት ነው፤ ከልጅነቱ ያስተማረችው እሷ ናት፤ ስንት ጊዜ አይታዋለች። እጆቹን ከግንባሩ ፊት አገናኘ። መጀመሪያ ጉልበቱ ታጠፈ። ተንበርክኮ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ በፊቱ ተደፋ።

ማልሱን ፊቷን ልታዞር ፈልጋ አልቻለችም። ከወለሉ እስኪነሣ ጠበቀች። ቆየ። ከወትሮው እጅግ ቆየ፤ ጀርባው ላይ ነጩ ሸሚዝ ተወጥሯል።

«ተነሣ» አለችው። «ተነሣ፣ ልጄ። በቃ ተነሣ።»